«በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል»፦ በአንዲት «ወ» ላይ የቆመ አባባል

አራት ኪሎ አካባቢ ያደገ ሰው ይህን አባባል ሳይሰማ አይቀርም። ወንድማማቾች ገንዘብ ሲበዳደሩ ወይም አከራይና ተከራይ እንዲሁ በአፍ ሲስማሙ፣ አንድ አባት ጣልቃ ይገቡና «ኧረ ጻፉት ልጆቼ! በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ይላሉ። ወረቀት ይመጣል፣ ምስክር ይፈርማል፣ አለቀ።

ትርጉሙ ያን ያህል አይከብድም። የተነገረ ነገር ተናጋሪው ሲሞት አብሮት ይሄዳል፣ የተጻፈ ግን ለልጅ ልጅ ይተርፋል። እኔን ሁሌ የሚገርመኝ ግን ቃላቱ ናቸው። «ይረሳል»ን ከ«ይወረሳል» የምትለየው አንዲት ፊደል ናት፣ «ወ»። ደግሞ ልብ በሉ፣ «በጽሑፍ ያለ ይታወሳል» አላለም። ይታወሳል ቢልም ቤቱ ይመታ ነበር። «ይወረሳል» ነው ያለው። ውርስ ደግሞ ወራሽ ይፈልጋል።

አባባሉ ከየት መጣ ብትሉኝ፣ እኔ ሥሩን የማየው ርስት ላይ ነው። «ርስት» ራሱ «ወረሰ» ከሚለው ግስ የወጣ ቃል ነው። ድሮ የመሬት ስጦታ የሚጻፈው የት ነበር? በቤተ ክርስቲያን ወንጌል ባዶ ገጾች ላይ። ሽማግሌው ምስክር ያልፋል፣ ወንጌሉ ግን መንበሩ ላይ ይቆያል። ርስትና መጽሐፍ በአንድ ብራና ላይ ነበሩ ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ያስታወሰኝ የእህቴ ልጅ ነው። ከቅድስት ሥላሴ ወጥተን ወደ ፒያሳ ስንሄድ «ጋሼ፣ መጽሐፍ ቅዱስ ተጽፎ ነው ከሰማይ የወረደው?» አለኝ። አይደለም አልኩት። መጀመሪያ ቃል ነበር፣ የሚነገር፣ የሚዜም፣ አባት ለልጁ የሚያወራው። ከዚያ አንድ ሰው ብርዕ አነሳ።

ኤርምያስ ምዕራፍ 36ን ያላነበባችሁ እባካችሁ አንብቡት። ነቢዩ ይናገራል፣ ባሮክ በጥቅልል ላይ ይጽፋል። ክረምት ነው፣ ንጉሡ ኢዮአቄም ፊት እሳት ይነዳል። ሦስት አራት ዓምድ በተነበበ ቁጥር ንጉሡ እየቆረጠ እሳቱ ውስጥ ይጥለዋል፣ ጥቅልሉ እስኪያልቅ ድረስ። አለቀ ስትሉ ኤርምያስ ሌላ ጥቅልል አንስቶ ለባሮክ ይሰጠዋል፣ ባሮክም የተቃጠለውን በሙሉ እንደገና ይጽፋል፣ ብዙ ተመሳሳይ ቃልም ተጨመረበት ይላል። መጽሐፉ ስለ ራሱ አጻጻፍ እንዲህ በግልጽ የሚነግረን ቦታ ብዙ አይደለም።

አዲስ ኪዳንም እንደዚያው ነው። ጌታ ራሱ ያስተማረው በቃል ነው። እጃችን ላይ ካሉት ጥንታዊ የሆኑት የጳውሎስ መልእክቶች ናቸው፣ ከ50 እ.ኤ.አ. አካባቢ ጀምሮ የተጻፉ፤ ወንጌሎቹ ከዚያ በኋላ መጡ። ሮሜ 16፥22ን ብታዩ ጤርጥዮስ የሚባል ሰው መልእክቱን የጻፍኩት እኔ ነኝ ብሎ ሰላምታ ያቀርባል። ጳውሎስ ሲናገር ብርዕ የያዘው እሱ ነበር። 27ቱ መጻሕፍት ዛሬ እንዳሉን ሆነው ተዘርዝረው የምናገኛቸው በ367 እ.ኤ.አ. በእስክንድርያው አትናቴዎስ የፋሲካ ደብዳቤ ነው። አባ ሰላማን ለእኛ ጳጳስ አድርጎ የላከልን ያው አትናቴዎስ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን ከአባባሉ ጋር አልስማማም። በቃል ያለ ሁሉ አይረሳም። የዕብራይስጥ ቅዱሳት መጻሕፍት ለብዙ ዘመን ያለ አናባቢ ነበር የሚጻፉት። የእኛም ፊደል ጥንት ካዕብ፣ ሣልስ አልነበረውም። ታዲያ አነባበቡን ማን ያዘው? አፍ! ከመምህር ወደ ተማሪ፣ የእኛ የኔታዎች ዜማና ቅኔ በቃል እንደሚያስይዙት። ከ7ኛው እስከ 10ኛው መቶ ዘመን ባለው ጊዜ ጥብርያዶስና ሌላም ቦታ የነበሩ ማሶሬታውያን የሚባሉ ሊቃውንት ነጥብና ምልክት ጨምረው ያንን አነባበብ በጽሑፍ አኖሩት።

በጽሑፍ ያለም ወራሽ ካጣ ይጠፋል። መጽሐፈ ሄኖክ ተጽፎ ነበር፣ የይሁዳ መልእክትም ይጠቅሰዋል። ግን በሌላው ዓለም የሚገለብጠው ሲያጣ ከብዙዎች እጅ ወጣ። ከ1947 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሙት ባሕር አጠገብ ባሉት የቁምራን ዋሻዎች ከተገኙት ጥንታዊ ጽሑፎች መካከል የሄኖክ ቅዳጆች አሉ፣ በአራማይክ፣ ቁርጥራጭ ሆነው። ሙሉው ያለው በግዕዝ ብቻ ነው። ለምን? እዚህ ከ81ዱ ቅዱሳት መጻሕፍት አንዱ ነው ብሎ ቆዳ የሚፍቅ፣ ቀለም የሚበጠብጥ፣ መቃ የሚቀርጽ፣ ወገቡ እስኪቆረጥ ጎንበስ ብሎ የሚገለብጥ ሰው ስላልጠፋ ነዋ።

የእነዚህን ጸሐፊዎች የአብዛኞቹን ስም አናውቅም። ብራናው ላይ ግን ብዙ ጊዜ አንድ ልመና ትገኛለች፦ ለጻፈው፣ ላስጻፈው፣ ላነበበው፣ ለተረጎመው፣ ቃሉንም ለሰማው እግዚአብሔር በአንድነት ይማራቸው። ፊደል የማይለየው፣ ደጅ ቆሞ ያዳመጠው እንኳ አልቀረም።