አምስቱ ትክክሎች ምንድን ናቸው?

ነርሶች መድኃኒት ከመስጠታቸው በፊት የሚያረጋግጧቸው አምስት ነገሮች ናቸው። ትክክለኛው ታካሚ፣ ትክክለኛው መድኃኒት፣ ትክክለኛው መጠን፣ ትክክለኛው መንገድ፣ ትክክለኛው ሰዓት። አንዳንድ መማሪያዎች ቁጥሩን ሰባትም አሥርም ያደርሱታል። ሥሩ ግን እነዚህ አምስቱ ናቸው።

ከሁሉም ቀላል የሚመስለው የመጀመሪያው ነው። ድሬዳዋ ላይ ግን እንጃ! አንድ ክፍል ውስጥ ሁለት መሐመድ አህመድ ቢተኙ ማን ይገረማል? ስለዚህ የአያት ስምና የካርድ ቁጥር ይታያል። አጠያየቁም ወሳኝ ነው። "መሐመድ ነህ አይደል?" አይባልም። ትኩሳት ያደከመው ሰው ለምኑም "እ" ይላል። አማርኛ በደንብ የማይሰማ የሶማሊኛ ወይም የኦሮምኛ ተናጋሪም ጥያቄው ሳይገባው ራሱን ሊነቀንቅ ይችላል። "ስምህ ማን ነው?" ሲባል ግን መልሱ ከራሱ አፍ ይወጣል። ስለዚህ ነርሷ ስማችሁን ደጋግማ ስትጠይቅ አትቆጡ። ረስታው አይደለም።

መንገድ ማለት በአፍ፣ በጡንቻ ወይስ በደም ሥር ነው። ፖታሲየም ክሎራይድ በፈሳሽ ሳይቀጥን በቀጥታ ደም ሥር ውስጥ ቢገፋ ልብ ሊያቆም ይችላል። ሰዓቱን ደግሞ ቤት ስንገባ የምናበላሸው እኛ ነን። ለአንቲባዮቲክ "በቀን ሦስት ጊዜ" ሲባል በየ8 ሰዓቱ ነው እንጂ ቁርስ፣ ምሳ፣ እራት ብሎ ሌሊቱን መዝለል አይደለም።

መድኃኒቱ ከተሰጠ በኋላ ሥራው አላለቀም። ፔኒሲሊን የተወጋ ሰው ግማሽ ሰዓት ያህል እዚያው እንዲቆይ የሚደረገው በምክንያት ነው። ሰውነት ካሳከከ፣ ከንፈር ካበጠ፣ ትንፋሽ ካጠረ ወይም ራስ ካዞረ ወዲያውኑ ለነርሷ ይነገራል፤ ከባድ አለርጂ ከሆነ አድሬናሊን ሳይዘገይ ጭን ላይ ይወጋል። እዚህ ላይ ደቂቃ ዋጋ አለው። በእርግዝና ግፊት ምክንያት ማግኒዚየም ሰልፌት የምትወስድ እናት ደግሞ ቀጣዩ መጠን ከመሰጠቱ በፊት ጉልበቷ በትንሽ የጎማ መዶሻ መታ ተደርጎ ምላሹ ይታያል፣ ትንፋሿ ይቆጠራል፣ ሽንቷ ይለካል። ጉልበቷ ምላሽ ካጣ፣ ትንፋሿ በደቂቃ ከ16 ካነሰ ወይም ሽንቷ ከቀነሰ ቀጣዩ አይሰጣትም። ማርከሻው ካልሲየም ግሉኮኔት ከአጠገብ ይቀመጣል።

አሁን ወደማይወራው ነገር እንምጣ፤ ወደ ጫት። ድሬና ሐረር ውስጥ ነርሷ "ትቅማለህ?" ስትል ብዙ ሰው ሳቅ ብሎ ያልፋል። ልትፈርድበት የጠየቀችው ይመስለዋል። ጥያቄው ግን የሕክምና ነው። ጫት ደም ግፊትንና የልብ ምትን ከፍ ያደርጋል። ከበርጫ ተነስቶ ግፊት የተለካ ሰው ቁጥሩ ሊያሳስት ይችላል። የግፊት መድኃኒት እየወሰደ የሚቅምም መድኃኒቱን ከጫቱ ጋር እያታገለው ነው። አምፒሲሊን በአፍ የሚወስድ ሰው ከጫት ጋር ከወሰደው ወደ ደም የሚገባው መጠን ይቀንሳል፤ አሞክሳሲሊንም በመጠኑ ይነካል። ጫቱን ለጊዜው ማቆሙ ይሻላል፤ ካልሆነም ቅሞ ከጨረሱ በኋላ ሁለት ሰዓት ያህል ጠብቆ መዋጥ ነው። ይህን ለነርሷ መደበቅ ለእኔ ስምን ከመደበቅ አይለይም።

ሌላም አለ። "መርፌ አይስማማኝም" ማለት ብዙም አይረዳትም። የትኛው መርፌ? ምን አደረገህ? ሽፍታ ነው ወይስ ማቅለሽለሽ ብቻ? ማቅለሽለሽ አለርጂ ላይሆን ይችላል። ፊት ያሳበጠ ከሆነ ግን የመድኃኒቱ ስም ካርዱ ላይ በጉልህ መጻፍ አለበት። ባለሙያዎቹም እንዲህ ያለውን ጉዳት በቢጫ ቅጽ ሞልተው ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይልካሉ። የመድኃኒቱን ካርቶን ወይም ብልቃጥ ካልጣላችሁት ይዛችሁ ሂዱ፤ የምርት ቁጥሩ የሚገኘው እዚያ ላይ ነው።