ሊኒየር አልጀብራ በጎንደር ዩኒቨርሲቲ

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሲነሳ ብዙ ሰው ቀድሞ የሚያስበው ሕክምናን ነው። ተቋሙ በ1947 ዓ.ም. ሲጀመር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ስለነበር አይገርምም። ሒሳብ፣ ስታትስቲክስና ሌሎቹ የተፈጥሮ ሳይንስ ትምህርቶች ቤታቸው አጼ ቴዎድሮስ ግቢ ነው። የሒሳብ ተማሪ ሊኒየር አልጀብራን፣ ማለትም የቬክተርና የማትሪክስ (የቁጥር ሠንጠረዥ) ሒሳብን፣ በሁለት ኮርስ ይወስዳል። የምህንድስና ተማሪ ቬክተርና ማትሪክስን የሚያገኛቸው አፕላይድ ማቲማቲክስ ውስጥ ነው፤ እሱ ከማስላት ብዙም አያልፍም።

የኮርሱ አጀማመር ያዘናጋል። ማትሪክስና ዲተርሚናንት (ከማትሪክሱ የሚሰላ አንድ ቁጥር) 11ኛ ክፍል ላይ ስላሉ፣ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ክለሳ ይመስላሉ። እኩልታዎችን ረድፍ በረድፍ እያጠፉ መፍታት፣ ኢንቨርስ (ማትሪክሱን ሲያባዙት እንደ 1 የሚያደርገውን) ማውጣት፣ በቃ። ከዚያ ቬክተር ስፔስ፣ ማለትም ሲደምሩም በቁጥር ሲያባዙም ከውስጡ የማይወጡበት ስብስብ፣ ይመጣና ነገሩ ይለወጣል። ቬክተር እስከዚያ ቀስት ነበር። አሁን ፖሊኖሚያልም ቬክተር ነው ይባላል። ዲግሪያቸው ከ2 የማይበልጥ ፖሊኖሚያሎች ተሰብስበው ባለ 3 ዳይሜንሽን (እያንዳንዱ በሦስት ቁጥር የሚገለጽበት) ስፔስ ይሆናሉ። ዲግሪያቸው ልክ 2 የሆኑት ብቻ ቢወሰዱስ? አይሆኑም። ኤክስ ስኩዌርና ኔጌቲቭ ኤክስ ስኩዌር ሲደመሩ ዜሮ ይመጣል፤ ዜሮ ደግሞ ከስብስቡ ውጭ ነው። እዚህ የሚሰላ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ትርጉሙን ያልያዘ ተማሪ ከየት እንደሚጀምር ይጠፋዋል።

ተማሪው የሚንገዳገድበት ይህ ቦታ በታሪክም የዘገየ ነው። እኩልታዎችን እያጠፉ መፍታት ቻይና ውስጥ ከ2,000 ዓመት ገደማ በፊት ይሠራበት ነበር። የቬክተር ስፔስን ሕጎች ጣሊያናዊው ጁሴፔ ፔያኖ ያስቀመጣቸው ግን በ1888 እ.ኤ.አ. ነው። ይህን ሁሉ በአንድ ሴሚስተር፣ ያውም በእንግሊዝኛ፣ መዋጥ ነው እንግዲህ። ስለዚህ ማታ ዶርም ውስጥ ትርጉሙ በአማርኛ እንደገና ይብላላል። በእኔ እይታ ኮርሱ የሚገባው እዚያ ነው። የሲኒየር ሀንድአውትና የድሮ ፈተና ለሚድ (ለአጋማሽ ፈተና) ያደርስ ይሆናል፤ ማረጋገጫ (ፕሩፍ) ሲጠየቅ ግን አያዋጣም።

ስሌቱም ቢሆን ወጥመድ አለው። ባለ 10 በ10 ማትሪክስ ዲተርሚናንት በትርጉሙ ቢዘረዘር 3,628,800 ተደማሪዎች ይወጡታል። ረድፍ በማጥፋት ከሆነ ጥቂት መቶ ማባዛት ይበቃል።

ጎንደር ላይ ትምህርቱ ከጤናው ዘርፍም ጋር ይገናኛል። ዩኒቨርሲቲው ዳባት ወረዳ ላይ የሕዝብና የጤና መረጃ በቋሚነት የሚሰበስብበት ጣቢያ አለው። እንዲህ ያለ መረጃ በሪግሬሽን (አንዱ ነገር ከሌሎቹ ጋር ያለውን ዝምድና በሚገምት ስሌት) ሲተነተን ከጀርባው የሚፈታው ማትሪክስ ነው። ከትውልድ ዓመት ተነስቶ ዕድሜን ያሰላ ተመራማሪ፣ በአንድ ዓመት ከተሰበሰበ መረጃ ሁለቱንም ዓምዶች ሞዴሉ ውስጥ ቢከት ችግር አለ። ሁለቱ በተደመሩ ቁጥር ያው አንድ ዓመት ይመጣል። ከቋሚው ዓምድ (ሁሉም ቁጥሩ 1 ከሆነው) ጋር ጥገኛ ይሆናሉ፣ አንዱ ከሌሎቹ ተሰልቶ ይገኛል፤ የሚፈለገው ኢንቨርስም አይገኝም። ሶፍትዌሩ አንዱን ዓምድ ያወጣዋል፣ ወይም ስህተት ብሎ ይመልሳል። ሊኒየር ኢንዲፔንደንስ (ጥገኛ አለመሆን) የተባለው ምዕራፍ ይኸው ነው፤ ብዙ ተማሪ «ምን ይሠራልኛል» እያለ የሚያልፈው።

ሁለተኛው ኮርስ ኤይገን ቫሊዩ፣ ኢነር ፕሮዳክትና የጆርዳን ፎርም የሚባሉ ርዕሶችን ይዞ ይመጣል። የመጀመሪያውን ሸምድዶ ላለፈ ሰው ይከብዳል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ ለመመረቅ የመውጫ ፈተና አለ፤ ፋይናል አለቀ ተብሎ ደብተር አይጣልም።