የአልማዝ የአቶም ልባስ ምንድን ነው?

አልማዝ ካርቦን ነው፤ ይህን ሁላችንም እናውቃለን። ገጹ ላይ ስንደርስ ግን ነገሩ ይለያል።

ድንጋዩ ውስጥ እያንዳንዱ የካርቦን አቶም በአራት እጁ አራት ጎረቤቶቹን ጨብጧል። ገጹ ላይ ያሉት ግን ከበላያቸው ጎረቤት የላቸውም፤ እጃቸው ባዶ ቀርቷል። ባዶ እጅ ደግሞ አርፎ አይቀመጥም። ወይ ከጎኑ ካለው አቶም ጋር ይያያዛል፤ ያኔ ገጹ፣ ውስጡ ዝም ብሎ የሚያሳልፈውን ብርሃን መምጠጥ ይችላል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሃይድሮጅን ወይም ኦክስጅን ይይዛል። ልባስ ያልኩት ይህን አንድ አቶም ያህል ስስ ሽፋን ነው።

በዓይን ስናየው ልባሱ ምንም የሚለውጥ አይመስልም። አልማዝ የሚያብለጨልጨው ብርሃንን አጥብቆ ስለሚሰብር ነው፤ የስብረት ቁጥሩ 2.42 ነው። ፊት ለፊት ከሚመታው ብርሃን 17 በመቶ ያህሉን ይመልሳል። የመስኮት መስታወት የሚመልሰው 4 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። አንድ ረድፍ አቶም ይህን አያናጋም። በተዘዋዋሪ ግን ይነካዋል፦ ሃይድሮጅን የለበሰ ገጽ ውሃን ይገፋል፣ ቅባት ይወዳል። የጣት ቅባት ሲለጠፍበት ብልጭታው ይደበዝዛል።

ዋናው ጉድ ያለው ከገጹ ጥቂት ናኖሜትር (የሚሊሜትር ሚሊዮንኛ) ገባ ብሎ ነው። እዚያ አንዳንድ ቦታ በካርቦን ፈንታ ናይትሮጅን ይቀመጣል፣ ከጎኑም አንድ አቶም ጎድሎ ባዶ ስፍራ ይቀራል። ይህ ጥንድ አረንጓዴ ሌዘር ሲያርፍበት ቀይ ብርሃን ይረጫል። አንድ ትርፍ ኤሌክትሮን ሲይዝ መለያ መስመሩ፣ ማለትም ብርሃኑ የሚታወቅበት የሞገድ ርዝመት፣ 637 ናኖሜትር ላይ ነው፤ ኤሌክትሮኑን ሲያጣ ወደ 575 ይዞራል። ሲብስም ጭራሽ ይጠፋል።

ኤሌክትሮኑን ማን ይወስደዋል? ልባሱ ነዋ! ገጹ ሃይድሮጅን ሲለብስ፣ ከአየሩ እርጥበት ላዩ ላይ የሚያርፈው ስስ የውሃ ሽፋን ኤሌክትሮኖችን ከአልማዙ ይስባል። ልባሱ ኦክስጅን ወይም ፍሎሪን ከሆነ ግን ኤሌክትሮኑ ቦታው ላይ የመቆየት ዕድሉ ይሰፋል።

በእነዚህ ጥንዶች መግነጢሳዊ መስክ የሚለኩ ተመራማሪዎች ታዲያ ኤሌክትሮኑን የያዘውን ጥንድ ስለሚፈልጉ አልማዙን በሰልፈሪክ፣ በናይትሪክና በፐርክሎሪክ አሲድ ቅልቅል ይቀቅሉታል። ድንጋዩ ንክች አይልም። ሃይድሮጅኑ ተገፎ ኦክስጅን ይተካል፣ ጥንዶቹም 637 ላይ ይበራሉ።