«ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ» ስለ ቅጠሉ ብዛት አልተባለም

በሱፐርሂሮ ፊልም ተከታይ ክፍል የተበሳጨ ሰው ከአፉ የማይለየው ተረት «ሴት ሲበዛ ጎመን ጠነዛ» ሆኗል። ጀግናው በዛ፣ ባላንጣው በዛ፣ ታሪኩ በዛ፣ ስለዚህ ፊልሙ ጠነዛ ለማለት ነው። ንዴቱ ተገቢ ነው፤ ተረቱ ግን ያለቦታው ገብቷል። ተረቱ ስለ ቅጠሉ ብዛት ምንም አላለም። ቅጠል ቢበዛ ድስት ይቀየርለታል። የበዛው አማሳዩ ነው።

ልዩነቱን ለማየት ጎመን እንዴት እንደሚበላሽ ማወቅ ያስፈልጋል። የሐበሻ ጎመን ከጓሮ ሲቀነጠስ ከታች ያሉት ሰፋፊ ቅጠሎች ይወሰዳሉ፤ ጫፉ እንዲያቆጠቁጥ ይተዋል። ቅጠሉ አፈሩና ተባዩ እስኪለቅ ደጋግሞ ይታጠባል፣ ወፍራሙ የመሀል አገዳ ይወጣል፣ ከዚያ ይከተፋል። ውሃው ቀድሞ መፍላት አለበት። ጎመኑ ከገባ በኋላ ድስቱ አይከደንም፤ ቅጠሉ ሲበስል የሚለቀው አሲድ ከእንፋሎቱ ጋር ካልወጣ ተመልሶ ይንጠባጠብበትና አረንጓዴው ወደ ቡናማ ይሄዳል። እስከ አፉ ሞልቶ የነበረው ድስት ብዙም ሳይቆይ ሟሽሾ ከታች ቁጭ ይላል። የዚህ ምግብ ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው።

አሁን አምስት ሴቶች ባሉበት ማድቤት እንጣደው። የመጀመሪያዋ ድስቱ ሙሉ ሳለ ታልፍና በሙሉው ድስት ልክ ጨው ትጥላለች። ሁለተኛዋ ቅጠሉ ከሟሸሸ በኋላ ትመጣለች፤ ጨው መግባቱን አልሰማችም፣ ቀምሳም አላየች፣ ትጨምራለች። ሦስተኛዋ ቶሎ እንዲበስል ብላ ትከድነዋለች። አራተኛዋ እንዳያርር ፈርታ አንድ ጣሳ ቀዝቃዛ ውሃ ትቸልስበታለች፤ መፍላቱ ይቋረጣል። አምስተኛዋ መፍላቱን ማቆሙን አይታ እንጨት ትማግዳለች። ማውጣቱን ሁሉም ለሌላዋ ይተዋሉ። ከልኩ ያለፈ ጎመን ደግሞ ያ የታወቀውን የድኝ ሽታ ይለቃል፤ ያን ሽታ ሽንኩርቱም፣ ዝንጅብሉም፣ ቃሪያውም አይሸፍነውም።

ከአምስቱ አንዷም በሐሳቧ አልተሳሳተችም። ጨው ያስፈልጋል፣ እሳት ያስፈልጋል፣ ውሃም ያስፈልጋል። እያንዳንዷ ብቻዋን ብትሠራው ኖሮ ደህና ጎመን ይወጣት ነበር። ሙያ አልጎደለም፤ የጎደለው አንድ ባለቤት ነው።

ለምን ጎመን ተመረጠ? ቤት ስለመታ ነው፣ «በዛ» ለ«ጠነዛ» ስለተመቸ ነው ብለው የሚያልፉ አሉ። ቤት መምታቱን ማን ይክዳል፤ ግን ቤት የሚመታ ሌላ ስንት ነገር አለ። የእኔ ግምት ሌላ ነው። የዶሮ ወጥ ባለቤት አለው። ዶሮው 12 ብልት ይወጣል፣ ሽንኩርቱ በዝግታ ይቁላላል፣ የጣደችው ሴት ማማሰያውን ለማንም አትሰጥም፤ ያለፈቃድ ክዳን የከፈተ ሰው ወዮለት። ጎመን ግን የሁሉም ነው። ጎተራ በሚራቆትበት ክረምት የሚበላ ስለሆነ ማንም አያከብረውም፤ ክረምቱ ሲወጣ «የጎመን ምንቸት ውጣ፣ የገንፎ ምንቸት ግባ» ተብሎ የሚሸኝ ምግብ ነው። እንዲህ ያለውን ምግብ ማብሰል የማትችል የለችምና አላፊ አግዳሚዋ ሁሉ እጇን ታስገባለች።

አንዳንዶች ተረቱ ከሠርግ ድግስ እንደመጣ ይናገራሉ። አይመስለኝም። በሠርግ ድግስ ሥራ የተከፋፈለ ነው፤ ወጥ ሠሪዋ ትታወቃለች፣ እንጀራ ጋጋሪዋ ትታወቃለች፣ የምታዝ ሴትም አለች። ለእኔ ይበልጥ የሚመስለኝ የደቦ ቀን ነው። ባለቤቲቱ በጠላውና በእንጀራው ተወጥራለች፣ ጎረቤቶች ላግዝ ብለው ይመጣሉ፣ በሰው ያልተያዘው ጎመን ብቻ ነው። ማስረጃ አምጣ ከተባልኩ የለኝም፤ ተረቱ ግን በዚያ ቀን በዚያ ማድቤት ተወለደ ቢባል ማን ይገረማል?

ወደ ፊልሙ እንመለስ። ይህ ተረት ልክክ የሚልበት ፊልም ካለ በ2007 እ.ኤ.አ. የወጣው የሸረሪት ሰው ክፍል ሦስት ነው። በ2004 የወጣው ክፍል ሁለት አንድ ዋና ባላንጣ፣ ዶክተር ኦክቶፐስ፣ ነበረው። ክፍል ሦስት ሦስት አመጣ፦ አሸዋ የሆነው ሳንድማን፣ የአባቱን ደም ሊመልስ የተነሳው የጀግናው ወዳጅ ሃሪ፣ እና ጥቁር ፍጡር የሰፈረበት ቬኖም። የዳይሬክተሩ የሳም ሬይሚ ልብ ያለው ሳንድማንና ሃሪ ዘንድ ነበር። ቬኖም እንዲገባ የገፋፋው ፕሮዲውሰሩ አቪ አራድ ነው፤ ምክንያቱም ተመልካቹ ይወደዋል የሚል ነበር። ሬይሚ በበኩሉ ገጸ ባሕሪው ብዙም እንደማይስበው አልደበቀም። አራድ ተሳስቷል ማለት ይከብዳል፤ ቬኖም በእርግጥም የተወደደ ነው። ጨው የጣለችውም ሴት አልተሳሳተችም ብለናል።

ውጤቱ ፊልሙ ላይ ይታያል። ሳንድማን የሚወለድበትን ትዕይንት ያየ አይረሳውም፦ የአሸዋው ቅንጣት አንድ በአንድ ተሰብስቦ ሰው ሊሆን ይታገላል፣ የልጁ ፎቶ ያለበትን የአንገት ሐብል ሊያነሳ እጁን ሲዘረጋ ጣቶቹ ይፈራርሳሉ፣ እንደገና ይሞክራል። አንዲት ቃል አይነገርም። ይህ አንድ ሰው ብቻውን ያማሰለው ድስት ነው። ከዚያ ቬኖም ፊልሙ ሊያልቅ ሲዳረስ ይወለዳል፣ ሳንድማንን አንድ ጨለማ መንገድ ላይ ያገኘዋል፣ ጥቂት ቃል ተለዋውጠው ተባባሪ ይሆናሉ። ለልጁ ሲል አሸዋ የሆነው አባት በዚያች አፍታ የሌላ ሰው በቀል ረዳት ሆኖ ቀረ። ሃሪን ከወዳጁ ጋር ለማስታረቅም ጊዜ አልተረፈም፤ ስለዚህ የቤቱ አሽከር ድንገት ብቅ ብሎ አባትህ የሞተው በራሱ መሣሪያ ነው ይለዋል። ይህን እያወቀ እስካሁን ለምን ዝም አለ? መልስ የለም። ይህ እንዳያርር ተብሎ የተቸለሰው ቀዝቃዛ ውሃ ነው።

ፊልሙ 258 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቶበት ወደ 895 ሚሊዮን አስገባ፤ ስለዚህ ገበያው ጠነዛ አላለውም። ሬይሚ ሊሠራው የነበረው ክፍል አራት ግን በጥር 2010 እ.ኤ.አ. ተሰረዘ።

«ይኸው፣ ባላንጣ ስለበዛ አይደል?» የሚል ይኖራል። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣውን «አቬንጀርስ፦ ኢንፊኒቲ ዋር» ይመልከት። ከሃያ በላይ ጀግኖች በሁለት ሰዓት ከ29 ደቂቃ ውስጥ ገብተዋል፤ ድስቱ እስከ አፉ ሞልቷል። ግን ታሪኩ የአንድ ሰው ነው፦ ባላንጣው ታኖስ ልዩ ኃይል ያላቸውን ስድስት ድንጋዮች ይፈልጋል፣ ጀግኖቹ የሚገቡትና የሚወጡት እሱ በሄደበት ነው። ዳይሬክተሮቹ ወንድማማቾቹ ሩሶዎች፣ ጸሐፊዎቹ ማርከስና ማክፊሊ ናቸው፤ አራቱ አብረው መሥራት ከጀመሩ ዓመታት አልፈዋል። ድስቱ ጢም ቢልም ማማሰያውን ማን እንደያዘ ይታወቃል።

የሱፐርሂሮ ፊልም ከሌላው ይልቅ እንዲህ ላለ ብልሽት የሚጋለጠው እንደ ጎመኑ ሁሉም ሰው የሚችለው ስለሚመስለው ነው። ስለ ጦርነት ታሪክ የሚሠራን ዳይሬክተር ስቱዲዮው በመጠኑ ይፈራዋል። ለባለ ካባው ጀግና ግን አሻንጉሊት ሻጩም፣ የማስታወቂያ ክፍሉም፣ የሚቀጥለውን ፊልም ያቀደውም ሐሳብ አላቸው።

ተረቱን የምትጠቅሱ ሰዎች፣ እባካችሁ ከመናገራችሁ በፊት ማን ምን እንደጨመረ እዩ። ስቱዲዮውና ዳይሬክተሩ አንድ ድስት ላይ ከተሻሙ ተረቱ የእናንተ ነው። ዳይሬክተሩ ራሱ ሁሉንም ልሥራ ብሎ ከሆነ ግን «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም» የሚባል ያገለገለ ተረት አለላችሁ። ሴቶች ጀግና ሆነው በተሰለፉበት ፊልም ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቃላት ብቻ ቆርጠው የሚወረውሩት ደግሞ ከሁሉ የባሱ ናቸው፤ ተረቱ «ሴት» ያለው ማድቤቱ የሴት ስለነበረ ነው። ሆሊውድ ውስጥ ጎመኑን ያጠነዙት እጆች አብዛኞቹ የወንድ ናቸው፣ ስማቸውም ፊልሙ ሲያልቅ በሚወርደው ዝርዝር ላይ ተጽፏል።