የዱር ዘር ሲክሊድ ምንድን ነው?

ሲክሊድ በአፍሪካ፣ በመካከለኛውና በደቡብ አሜሪካ እንዲሁም በጥቂት የእስያ አገሮች ውሆች የሚገኝ፣ ከ1,700 በላይ ዝርያዎች የተመዘገቡለት የዓሣ ቤተሰብ ነው። በአገራችን በይበልጥ የሚታወቀው አባሉ ቆሮሶ በመሆኑ፣ ደብረ ብርሃን ተቀምጦ «ሲክሊድ አይቼ አላውቅም» የሚል ሰው ቢያንስ ተጠብሶ ሳህን ላይ ሳያየው አልቀረም።

በመስታወት ገንዳ ዓሣ የሚያረቡ ሰዎች «የዱር ዘር» የሚሉት፣ በተፈጥሮ ውሃ ከኖሩ ወላጆች የወረደውን መልክና ጠባይ እንደያዘ የቆየ፣ ሰው በምርጫ ያልለወጠውና ከሌላ ዝርያ ወይም ከሌላ አካባቢ ዓሣ ጋር ያልተዳቀለ ሲክሊድ ነው። ዓሣው ራሱ ከሐይቅ የወጣ መሆኑ ግን ግዴታ አይደለም። በቀጥታ ከሐይቅ ወይም ከወንዝ የተያዘው «ኤፍ 0»፣ ሁለቱም ወላጆቹ ከዱር የተያዙት «ኤፍ 1»፣ የእነዚህ ልጆች ደግሞ «ኤፍ 2» እየተባሉ ይቀጥላሉ። ቁጥሩ የሚናገረው ዓሣው ከዱር በስንት ትውልድ እንደራቀ ብቻ ነው፤ ጤንነቱን ወይም ውበቱን አይመሰክርም።

ከቁጥሩ ይልቅ ክብደት ሊሰጠው የሚገባው የመገኛው ቦታ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ በሚገኘው በታንጋኒካ ሐይቅ ዓለታማ ዳርቻዎች የሚኖረው ትሮፌየስ የተባለው ሲክሊድ አሸዋማ ወይም ጥልቅ ውሃ አቋርጦ ስለማይሄድ፣ በየዳርቻው ተነጥሎ የየራሱን ቀለም አውጥቷል፤ በታንዛኒያ በኩል ከኢኮላ የሚመጣው በጥቁር ሰውነቱ ላይ ሰፊ ቢጫ መቀነት የታጠቀ ሲሆን፣ በኮንጎ በኩል ከሞሊሮ የሚመጣው ቀይ ነው። ሁለቱ በአንድ ገንዳ ቢቀመጡ ይዳቀላሉ፤ የሚወለደው ዓሣም የየትኛውም ዳርቻ ዓሣ አይሆንም። በእኛም አገር ተመሳሳይ ነገር አለ። ሳይንቲስቶች በአባይ ቆሮሶ ሥር ንዑስ ዝርያዎችን ለይተዋል፤ «ፊሎኣ» የተባለው በ1983 እ.ኤ.አ. ከአዋሽ ተፋሰስ ፍል ውሆች፣ «ጣና» የተባለው በ1992 እ.ኤ.አ. ከጣና ሐይቅ የተገለጸ ነው። ከዚህም የሚብስ ብርቅ ካስፈለገ፣ በአፋር በአፍዴራ ጨዋማ ሐይቅ የሚኖረው ዳናኪሊያ የተባለው ትንሽ ሲክሊድ አለ። ይህን መሰሉን ዓሣ ያለ ፈቃድ ከመኖሪያው ማውጣት ግን እርባታ ሳይሆን ዘረፋ ነው።

ተቃራኒውን ማየት ለሚፈልግ፣ በ1988 እ.ኤ.አ. በፊሊፒንስ የተጀመረው የቆሮሶ ማሻሻያ ፕሮግራም ከግብፅ፣ ከጋና፣ ከኬንያና ከሴኔጋል የተሰበሰቡ የዱር ዓሦችን በእስያ ከሚረቡት ጋር አዳቅሎ ፈጥኖ የሚያድገውን መርጧል። ለገበታ ታላቅ ሥራ ነው፤ የተገኘው ዓሣ ግን የዱር ዘር አይባልም።

አመጋገቡም የሚወሰነው በዘሩ ነው። ትሮፌየስ ከዓለት ላይ አልጌ (ውሃ ውስጥ ያለ ድንጋይን የሚሸፍን አረንጓዴ ነገር) እየጋጠ የሚኖር፣ አንጀቱ እጅግ ረጅም የሆነ ዓሣ በመሆኑ፣ ሥጋና ስብ የበዛበት መኖ ሲሰጠው ሆዱ ይነፋል፤ ብዙ ጊዜም ይሞታል። ስለዚህ ስፒሩሊና የተባለ አልጌ መሰል ነገር ያለበት ደረቅ መኖ፣ በፈላ ውሃ ለስለስ ያለ ቆስጣ ወይም ቅርፊቱ የተላጠ አተር፣ ያለ ጨውና ያለ ዘይት፣ በጥቂት በጥቂቱ ይሰጠዋል። በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያልተበላ መኖ ትርፍ ነው፤ ሲበሰብስ አሞኒያ የተባለ ዓሣን የሚመርዝ ነገር ይሆናል። ብዙ አርቢዎች በሳምንት አንድ ቀን ዓሦቻቸውን ያስጾማሉ፤ ረቡዕንም ሆነ ዓርብን መምረጥ ለባለቤቱ የተተወ ነው። በአንጻሩ ትናንሽ ዓሦችን አሳድዶ የሚበላ ሲክሊድ በቆስጣ አይኖርም፤ «ሲክሊድ ምን ይበላል?» የሚለው ጥያቄ የዝርያው ስም ሳይጠራ መልስ የለውም።

በሰሜን ሸዋ ደጋ የሚያረባ ሰው ደግሞ መጻሕፍት የማያነሱት ችግር አለበት። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠለል ካለው 70 በመቶ ያህል ነው። 25 ዲግሪ የሞቀ ውሃ በባሕር ጠለል ላይ በሊትር 8 ሚሊ ግራም ያህል ኦክስጅን ሲይዝ፣ እዚህ ግን የሚይዘው ወደ 6 ዝቅ ይላል። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ ማሞቂያን ግድ ያደርጋል፤ ውሃ በሞቀ ቁጥር ደግሞ የሚይዘው ኦክስጅን ይቀንሳል። ስለዚህ ዓሣውን ከሌላ ቦታ ይልቅ በቁጥር ቀንሶ ማስቀመጥና የውሃውን ገጽ ዘወትር በአየር ፓምፕ ማናወጥ ያስፈልጋል። መብራት ሲጠፋ አስቀድሞ የሚታሰበው በባትሪ የሚሠራ ፓምፕ ነው፤ ገንዳው በጋቢ ወይም በብርድ ልብስ ቢሸፈን ሙቀቱ ቀስ ብሎ ስለሚወርድ ጊዜ ይሰጣል፤ የአየር እጥረት ግን አይታገሥም። መብራቱ እስኪመለስም መኖ አይሰጥም። ወደ ሸዋ ሮቢት ሲወረድ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሚያስቸግረው ሙቀቱ ነው።

ትሮፌየስም ሆነ ቆሮሶ እንቁላላቸውን እናቲቱ በአፏ ይዛ ትፈለፍላለች። የትሮፌየስ እናት ጥቂት ትልልቅ እንቁላሎችን ይዛ አራት ሳምንት ገደማ ትቆያለች። ጫጩቶቹ ሲያድጉ ደማቁን ብቻ እየመረጠ የሚያስቀር አርቢ፣ ከውጭ ምንም ሳያዳቅል የቤት ዘር ማውጣት ጀምሯል። የዱር ዘርን መጠበቅ የሚፈልግ ሰው ፈዛዛውንም ደማቁንም ያስቀራል፤ ዝርያውን፣ ቦታውንና ትውልዱን በደብተር ይመዘግባል። መዝገቡ የጠፋበት ዓሣ ቢያምርም የዱር ዘር ተብሎ ሊሸጥ አይገባም።

ትርፍ የሆኑትን ጫጩቶች «በሬሳ» በተባለው የደብረ ብርሃን ወንዝ ላይ መልቀቅም አይገባም። ብርዱ ሊገድላቸው ይችል ይሆናል፤ ከብርዱ ያመለጡት ግን በጀማ ወንዝ በኩል ወደ አባይ፣ የአገሩ ቆሮሶ ወዳለበት ውሃ ይወርዳሉ።