እንጉርጉሮ ምንድን ነው?

አዳማ የምኖርበትን ግቢ 6 ተከራዮች እንጋራዋለን። ከግድግዳዬ ማዶ እንጀራ እየጋገሩ ለየሱቁ የሚያስረክቡ እናት አሉ። ቀን ቀን መብራቱ ስለሚያስቸግራቸው ምጣድ የሚጥዱት ሌሊት 9 ሰዓት ላይ ነው። መጀመሪያ አክንባሎው ሲነሳ ይሰማኛል፤ ከዚያ ሊጡ የጋለው ምጣድ ላይ ሲዞር ቸስ ይላል። ጥቂት ቆይቶ ድምፃቸው ይመጣል፣ ዝቅ ብሎ፦

ምጣዱ ግሎልኝ ሊጧንም ቀዳኋት፣
መሶቡ ሞልቶልኝ ጎራሿን አጣኋት።

ልጃቸው ዓረብ አገር ከሄደች 5 ዓመት ሆናት። ቀን ሰው ስለሷ ሲጠይቃቸው «ደህና ናት፣ ተመስገን» ብለው ዝም ነው። የቀረውን የምንሰማው ሌሊት ነው።

እንጉርጉሮ ይህ ነው። አንድ ሰው ብቻውን ሆኖ፣ አብዛኛውን ጊዜ እጁ ሥራ ላይ እያለ፣ በለሆሳስ የሚያዜመው ግጥም። ብዙ ሰው «የሐዘን ዘፈን» ብሎ ያልፈዋል፤ እኔ ግን ዋናው ነገር እዚያ ላይ የሚሳት ይመስለኛል። «አንጎራጎረ» የሚለው ቃል ራሱ ከዜማው ጋር ቅሬታን አዝሏል። በአማርኛው ኦሪት ዘጸአት ሕዝቡ በምድረ በዳ የሚጠጣ ሲያጣ «በሙሴ ላይ አንጎራጎሩ» ይላል። እዚያ የዘፈነ ሰው የለም፤ የከፋው ሕዝብ ነው። እንጉርጉሮም አቤቱታ ነው፣ ዳኛ ፊት የማይቀርብ አቤቱታ።

ከሌላው የሕዝብ ዜማ የሚለየው ተቀባይ ስለሌለው ነው። ሠርግ ላይ አንዷ ታወርዳለች፣ ሌሎቹ ይቀበላሉ፣ ጭብጨባው ይደምቃል። የሆያ ሆዬ ልጆች ያለ ተቀባይ አንድ ደጃፍ አይዘልቁም። ሙሾ እንኳ አልቃሽ ቢኖራትም ዙሪያዋን ለቀስተኛ አለ፣ ደረት ይደቃል። የሚያንጎራጉር ሰው ግን የሚያወራው ለሆዱ ነው። «ሆዴ» እያለ ራሱን ይጠራል፣ ካልሆነም ፊቱ ላለው ዕቃ፣ ለከብቱ፣ ለሌሊቱ ይነግራል።

እዚህ ላይ አንድ ብልሃት አለ። ለሆዱ ነው ይባል እንጂ ቤት ያለው ሁሉ ይሰማዋል። የሞተር ወፍጮ ሳይመጣ በፊት እህል የሚፈጨው በድንጋይ ነበር፣ የምትፈጨውም ሴቷ ናት። ወፍጮው ላይ ጎንበስ ብላ መጁን፣ ላይኛውን ድንጋይ፣ በሁለት እጇ ወደፊት ትገፋለች፣ ወደኋላ ትስባለች፣ ጎህ ሳይቀድ። ዜማው ከመጁ ምልልስ ይወጣል፤ ትንፋሿ በሚቆረጥበት ስንኙም ይቆረጣል። እንግዲህ ባሏ ቤት ገና ዓመት ያልሞላት፣ ከአማቷ ጋር ያልተስማማች ልጅ አስቡ። አማቷን ፊት ለፊት መመለስ ነውር ነው፤ ለባሏ መክሰስም እናትና ልጅ ማጣላት ይሆናል። ወፍጮው ግን አለ። አሠራሩን ለማሳየት እኔው በሷ ፈንታ ልግጠም፦

መጁም ድንጋይ ነው ወፍጮውም ድንጋይ፣
መሐል ያለሁት እህሉ ነኝ ወይ።

አማትየዋ በጓዳ ሆና ትሰማለች፣ ከላይ ያለው ድንጋይ ማን፣ ከታች ያለው ማን እንደሆነም አትስተውም። ግን «ምን አልሽ?» ብላ ብትቆጣ መልሱ ዝግጁ ነው፦ ስለ ወፍጮው ነው ያወራሁት። እሹሩሩም እንዲሁ ያገለግላል፤ እናት ሕፃኑን እያባበለች ለአባትየው የምታቀብለው ብዙ ነገር አለ። «እረኛ ምን አለ?» የሚለው የቆየ አባባልም ከዚሁ ጋር ይሄዳል። ሹም የአገሩን ስሜት ሊያውቅ ሲፈልግ ከብት ጠባቂው ሜዳ ላይ ምን ብሎ እንዳንጎራጎረ ያስጠይቅ ነበር ይባላል፤ ፊቱ ቆሞ የሚናገር ሰው እንደሚፈራ ያውቃላ።

ስለ ግጥሙም ትንሽ ልበል። የጎረቤቴ ስንኝ የወል ቤት በሚባለው ምት የተሠራ ነው፦ በአንድ ስንኝ 12 ቀለም፣ ማለትም ክፍለ ቃል፣ መሐሉ ላይ 6 በ6 የሚከፈል። የፈጪዋ አጠር ይላል፣ 5 በ5። በብዙ እንጉርጉሮ የመጀመሪያው ስንኝ ቤት ለመምታት ብቻ ይገባል፣ ቁም ነገሩ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ጎረቤቴ ግን ሁለቱንም ሠርተውበታል። «ናፈቀችኝ» የሚል ቃል የለም፣ «አዘንኩ» የለም። ምጣድ፣ ሊጥ፣ መሶብ አለ። «ጎራሿን» ያሏት አንዲት ቃል ላይ ደግሞ እናት ለልጇ የምታጎርሳት ጉርሻ ሁሉ ተንጠልጥሏል። አንድ የቤተሰብ ታሪክ በ2 ስንኝ ተነግሮ አለቀ፤ እኔ በልብ ወለድ ብሞክረው 20 ገጽ አይበቃኝም።

ብዙዎች እንጉርጉሮን ከትዝታ ጋር ያምታቱታል። ትዝታ ቅኝት፣ ማለትም የዜማ ድምፆች አሰላለፍ ነው፣ እንደ ባቲ፣ እንደ አምባሰል፣ እንደ አንቺ ሆዬ፤ እንጉርጉሮ ደግሞ የማዜም ስልት ነው። መምታታቱ ከየት እንደመጣ ግን ይገባኛል፣ ሁለቱ አብረው ይውላሉና። ካሳ ተሰማ፣ ሜሪ አርምዴና አስናቀች ወርቁ ክራር ብቻ ይዘው ሲያንጎራጉሩ የሰማ ሰው፣ በተቀረጸ ድምፅም ቢሆን፣ ከአዳራሽ ይልቅ የአንድ ሰው ጓዳ የገባ ይመስለዋል።

አዳማ ላይ ይህን ስጽፍ የኦሮምኛውን ዜማ፣ ጌረርሳን፣ ሳላነሳ ማለፍ አልፈልግም። ጌረርሳ ከጀግንነት ጋር የተቆራኘ ነው፣ ድምፁም ይወጣል፤ በዚያ በኩል ከኛ ፉከራና ቀረርቶ ይቀርባል። ሆኖም ድህነትን፣ ብቸኝነትን፣ በራስ ላይ የደረሰ በደልን የሚተርክ ጌረርሳም አለ፣ የሚያዜመውም አንድ ሰው ነው። ይህች ከተማ የባቡር መንገድ ከተማ ናት፤ ወንጂም ቅርብ ነው። የሸንኮራ ሥራው ከከምባታና ከሀድያ ሳይቀር ሠራተኛ ስቧል። ሰው አገሩን ለቆ ሲመጣ ብቻውን የሚያዜመውን በየቋንቋው ይዞ ይመጣል።

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት እንጀራ ልገዛ ሄጄ «እማማ፣ ሌሊት ያሏትን ነገር እስቲ ይድገሙልኝ» አልኳቸው።

«ኧረ እኔ ምንም አላልኩ፣» አሉኝ፣ «ከምጣዱ ጋር ነው የማወራው።» 4 እንጀራ ቆጥረው ጠቀለሉልኝና አንድ መረቁልኝ።