ኦስታ፦ በዕድሜና በክብደት ብቻ የአጥንት መሳሳት ስጋትን መለየት

አጥንት ሲሳሳ አያምም። ብዙ ሴቶች ችግሩን የሚያውቁት አዳልጧቸው ወድቀው እጃቸው ወይም ዳሌያቸው ሲሰበር ነው።

በሽታውን አስቀድሞ የሚለካው ዴክሳ የሚባል የራጅ ማሽን ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1994 ባወጣው መስፈርት፣ የአጥንትን ጥግግት ከጤናማ ወጣት ሴቶች ጋር የሚያነጻጽረው ቲ-ስኮር የተባለው ውጤት -2.5 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አጥንቱ ሳስቷል ይባላል። ግን ማሽኑ ውድ ነው። በብዙ የእስያ አገሮች ከትልልቅ ከተሞች ወጣ ሲባል እንደ ልብ አይገኝም። ታዲያ ማን ቅድሚያ ይመርመር?

እ.ኤ.አ. በ2001 ይፋ የሆነው ኦስታ የተባለው የስጋት መለያ ቀመር የተሠራው ለዚህ ነው። አጥኚዎቹ በ8 የእስያ አገሮች 860 ያረጡ ሴቶችን መረመሩ። 11 መረጃዎችን ይዘው ተነሱ፤ እያጣሩ ሲሄዱ ዕድሜና ክብደት ብቻ ቀሩ። የኦስታ ትልቁ ጥንካሬ ይህ ይመስለኛል። ሚዛን ያለው ጤና ጣቢያ ሁሉ ሊሠራበት ይችላል።

ስሌቱ ቀላል ነው። ከክብደት በኪሎ ላይ ዕድሜ ይቀነሳል፣ ልዩነቱ በ0.2 ይባዛል፣ ከነጥብ በኋላ ያለው ይጣላል። የ65 ዓመቷ፣ 50 ኪሎ የምትመዝን ሴት -3 ታገኛለች። ከ-1 በላይ ዝቅተኛ ስጋት ነው፤ ከ-1 እስከ -4 መካከለኛ፤ ከ-4 በታች ከፍተኛ። በመጀመሪያው ጥናት ከፍተኛ ስጋት ካለባቸው ሴቶች 61 በመቶው አጥንታቸው የሳሳ ሆኖ ተገኝቷል። በመካከለኛው 15፣ በዝቅተኛው 3 በመቶ ነበር። ሲንጋፖር ውስጥ ደግሞ ማባዛቱን ትተው ከዕድሜ ላይ ክብደትን ብቻ ይቀንሳሉ፤ ከ20 ከበለጠ ስጋቱ ከፍተኛ ነው።

ክብደት ለምን ገባ? አጥንት ሸክም ሲኖርበት ይጠነክራል። በዚያ ላይ ካረጡ በኋላ የሰውነት ስብ ጥቂት ኤስትሮጅን ያመነጫል፤ ይህ ሆርሞን አጥንትን ይጠብቃል። ቀጭን አሮጊቶች ሁለቱም ይጎድላቸዋል።

-1ን መለያ ካደረግን ኦስታ አጥንታቸው ከሳሳ ሴቶች 91 በመቶውን ይይዛል። ችግሩ ከሌለባቸው ግን በትክክል የሚያሳልፈው 45 በመቶውን ብቻ ነው። ስለዚህ ሳያስፈልጋቸው ለዴክሳ የሚላኩ ብዙ ናቸው። ያም ሆኖ ልውውጡ ያዋጣል እላለሁ። ሳትታይ ያለፈች ሴት ዳሌዋ ተሰብሮ አልጋ ላይ ልትቀር ትችላለች።

ኦስታ የማያያቸው ነገሮች አሉ። 52 ዓመቷ ነው፣ 66 ኪሎ ትመዝናለች፣ ለዓመታት ፕሬድኒሶሎን የተባለውን የስቴሮይድ መድኃኒት ወስዳለች እንበል። ውጤቷ 2 ነው፤ ዝቅተኛ ስጋት ማለት። መድኃኒቱ ግን አጥንት ያሳሳል። በቀላል አወዳደቅ የተሰበረች ሴትም ውጤቷ ምንም ይሁን ምን መመርመር አለባት። እ.ኤ.አ. በ2008 ከእንግሊዙ ሼፊልድ ዩኒቨርሲቲ የወጣው ፍራክስ የተባለ ሌላ መለኪያ እነዚህን ይጠይቃል፤ በ10 ዓመት ውስጥ የመሰበር ዕድልንም ያሰላል። ጥያቄዎቹ ግን ይበዛሉ።

መለያ ቁጥሮቹ የተቀመጡት በእስያውያን ሴቶች ልኬት ነው። ይኸው ቀመር ለነጭ ሴቶች ሲውል መለያው ወደ 2 ከፍ ይላል። ስለዚህ የእናታችንን ዕድሜና ኪሎ አስልተን -1 ላይ ተመሥርተን ደህና ናት ማለት አይገባም፤ ጉዳዩን ለሐኪም ማንሳት ይሻላል።